የዳልቻ ሕመም

ጋሽ ቢተው በሬያቸውን ዳልቻን በአጭር ገመድ እየሳቡ የእንስሳት ሐኪሟ ዘንድ አመጡት። በሬው በየእርምጃው አንገቱን ደፋ ቀና ያደርጋል።

«የፊት እግሩን አሞት ያነክሳል። ካልዳነልኝ ዛሬውኑ ይወስደዋል» አሉ፣ ተከትሏቸው የመጣውን ባለ ሉካንዳ በአገጫቸው እያሳዩ።

ሐኪሟ አራቱንም ሰኮናዎች አጥባ፣ ጫን ጫን እያደረገች መረመረች። እሾህም ቁስልም አላገኘችም።

«አትድከሚ እህቴ፤ የእሱ መድኃኒት ድስት ነው» አለ ባለ ሉካንዳው።

«እስቲ አንተ ሳበው» አለችው ሐኪሟ።

ባለ ሉካንዳው ገመዱን ይዞ ሄደ። ዳልቻ አንገቱን ሳይነቀንቅ ቀጥ ብሎ ተከተለው።

ሐኪሟ ወደ ጋሽ ቢተው ዞረች።

«ጋሼ፣ እስቲ ጫማዎን ያውልቁ።»

የጎማ ጫማቸውን ገልብጣ፣ ተረከዙን በስቶ የገባውን ምስማር በጉጠት ነቀለችው።

«አሁን ይሳቡት፤ እርስዎ ካላነከሱ እሱም አያነክስም።»