ለእሱባለው የተያዘ ሾርባ

መጋቢት አሥራ አራት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከድሬዳዋ ተነሳን። አውሮፕላኗ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ናት፤ እኔ አበርራለሁ፣ አጎቴ ጋሽ በፈቃዱ ሾርባ የሞላ ፔርሙስ ታቅፈው ከጎኔ ተቀምጠዋል። "እሱባለው ትንሽ አሞታል" ብለውኝ ነበር። ወንድሜ ሌሊቱን ጅቡቲ ውስጥ መሞቱን ግን ሚስቱ ስልኩን ስታነሳ ከኋላዋ ከሰማሁት ለቅሶ አውቄ ነበር።

ሐዘንተኛ አብራሪዎች መከስከስ ካበዙ ወዲህ ድንበር ላይ ማሽን ያዳምጣል። በአብራሪው ድምፅ ውስጥ ሐዘን ካገኘ አውሮፕላኑን ይመልሳል። ከተመለስን ቀብሩ ያመልጠኛል።

"ምን ይዛችኋል?" አለ ማሽኑ በሬዲዮ።

"ለታመመው ወንድሜ ሾርባ።"

"ጨው የለውም በይው" አሉ ጋሼ። "እሱባለው እንደሆነ ሾርባ ሲያይ ነው የሚብሰው።"

ሳቅኩ። የእውነት ሳቅ ነበር፤ ወንድሜ እንደዚያ ነበራ። ማሽኑ "እለፉ" አለ።

ጅቡቲ አርፈን ሞተሩን ሳጠፋ ጋሼ እጄን ይዘው መርዶውን ነገሩኝ። ገና እንደሰማ ሰው ጮህኩ።

"ያለፍነው እሷ ስላላወቀች ነው" እያሉ፣ ጋሼ እስኪሞቱ ድረስ ለዘመድ ሁሉ ያወሩ ነበር።