በበጋ የተደፈነ አሸንዳ

አሮጌ ጥርስ ጥሎ አዲስ የሚያበቅለው ጠብታ ከመጣ ወዲህ ክሊኒካችን ሰርግ ቤት መስሏል። እኔ የጥርስ ሐኪም ረዳት ነኝ፤ ጠብታውን ድድ ላይ የማደርገው እኔ ነኝ። ሰዉ በሳምንቱ ሲመለስ አሮጌው ጥርስ እዚሁ ይወልቃል፣ አዲሱ በወሩ ይበቅላል።

ታዲያ ሰዉ ሁሉ የወለቀውን ጥርስ እንደ ልጅነቱ ጣሪያ ላይ ካልወረወረ አይሄድም። አንድ ቀን የሰባ ስምንት ዓመቷ እትዬ አስካለ ከዘራቸውን አስይዘውኝ ሲወረውሩ ቆርቆሮው ቋ አለ።

«ደረሰልኝ፣ ልጄ?»

«ደርሷል፣ እትዬ።»

«እንግዲያው በወሩ ቆሎ ይዤ እመጣለሁ፤ ምሳሽን ሳትበዪ ጠብቂኝ» አሉና ወረፋ የያዘውን ሁሉ አሳቁት።

እኔም ለሠራተኛ በነፃ ነው ሲባል የፊት ሁለቱን ለወጥኩ። አሮጌዎቹን የቤታችን ጣሪያ ላይ ወረወርኳቸው። አዲሶቹ ግጥም ብለው በቀሉ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የነበረችኝ ፍንጭት ጠፋች። ባሌ ምትኩ ፈገግ ስል አየኝና «አማረብሽ» አለኝ። ወዲያው ከጎረቤት መሰላል ተውሶ መጣ።

«ምን ልትሠራ ነው?»

«አሸንዳው ተደፍኗል።»

በጠራራ የጥር ፀሐይ ግማሽ ቀን ጣሪያ ላይ ዋለ። እኔም ከታች ሆኜ ሳቅኩበት።

ቅዳሜ ልብሱን ላጥብ የሸሚዙን ኪስ ስፈትሽ ቁራጭ ካርቶን አገኘሁ። ሁለቱን አሮጌ ጥርሶቼን ጎን ለጎን ለጥፎባታል። በመሃላቸው ልክ እንደ ድሮው ክፍተት ትቷል።

ሸሚዙን ሳላጥብ መልሼ ሰቀልኩት።