ሳቁ ሲመለስ

አረቄ ካቆመ ሦስተኛ ወሩ ነው። ሁሉ ነገር ያመዋል፤ ሸሚዙ ትከሻውን ይቆረቁረዋል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ጥርሱን ይጠዘጥዘዋል። ደስ የሚለው ነገር ደግሞ አንድም የለም።

«ሰውነት የራሱ ማስታገሻ አለው» አለችው የጤና ጣቢያዋ ነርስ። «ሕመም የሚያደነዝዘውም፣ ደስታ የሚሰጠውም እሱ ነው። እርስዎ ሃያ ዓመት ሙሉ አረቄውን በምትኩ ሲሰጡት፣ እሱ ሥራውን ተወ። ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ይታገሱ።»

ታገሠ። ሚስቱ እታገኝ ያቀረበችለትን ይበላል፣ በረንዳው ላይ ይቀመጣል፣ ሳይሠራ ይደክመዋል።

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ የጎረቤት ዶሮ የሰፈሩን ጉልቤ ድመት አባርራ አጥር አዘለለችው። ሳያስበው ሳቀ። ሆዱን እስኪያመው ሳቀ። እታገኝ ከማጀት ሮጣ ወጣች፤ ሲስቅ ካየችው ዓመታት አልፈዋል።

«ልጃችን ሰናይት ብትኖር ይሄን አይታ እንዴት ትስቅ ነበር» አለችው፣ እሷም እየሳቀች።

እሱ መሬት መሬቱን ሲያይ ቆየና ቀና አለ።

«እታገኝ፣ ያን ቀን ሰክሬ ነበር» አላት። «የቀበርናት የትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው?»