ከኪስ የማትለይ መፍቻ

የጽጋቡ ልጅ ለውድድር ወደ ውጭ ልትበር ሦስት ቀን ሲቀራት ብስክሌት መጠገኛዬ መጣች።

«ጋሼ፣ ለሁለት የሚፈታውን ብስክሌት ልግዛ? ለአውሮፕላን ያዋጣል?»

«በደንብ ያዋጣል» ብዬ የብስክሌቱን መፍቻ ሰጠኋት። «ያለዚህች አይገጠምም። ሻንጣ ይጠፋል፤ አንቺ ኪስሽ ውስጥ ያዢያት።»

የዛሬ ሃያ ዓመት ተፎካካሪዬ የነበረው አባቷ እንዲሁ ብሎ መክሮኛል፤ ያውም ኤርፖርት ፍተሻ ላይ መፍቻዋን እንደሚቀሙኝ እያወቀ። ብስክሌቴን መግጠም አቅቶኝ፣ እሱ ሲያሸንፍ ዳር ቆሜ አየሁ። ይህን ቀን ስጠብቅ ነው ያረጀሁት።

ልጅቷ መፍቻዋን ጠረጴዛዬ ላይ መልሳ አስቀመጠች።

«አባዬ ይቅርታ ሊጠይቅዎት መጥቶ ውጭ ቆሟል» አለችኝ። «‹ኪስሽ ውስጥ ያዢያት ካለሽ ግን፣ ሳልገባ እመለሳለሁ› ብሎኛል።»