ድስት የደፋው ንጉሥ

እህቴ የምትሠራው ጌም ላይ ያለው እብድ ንጉሥ ድምፁ የእኔ ነው። ድስት እንደ ዘውድ ደፍቶ ተጫዋቹን «ጀርባዬን እከክልኝና እምርሃለሁ!» የሚል ጉድ ነው። ልብስ ጫጫታ ስለሚያፍን የምንቀዳው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ እህቴ ውጭ ሆና በኮምፒውተሯ ድምፅ ማጉያ ታዳምጠኛለች፤ በሩ የሚከፈተው ደግሞ ከውጭ ብቻ።

ዛሬ የንጉሡን ሳቅ ቀድቼ ጨረስኩና «በቃ፣ ክፈቺልኝ!» አልኩ።

«እንዴ፣ አንተ መቼ ወጣህ?» አለች እህቴ ከውጭ፣ ለሌላ ሰው።

«አሁን ነዋ፣ እሙዬ» ሲላት ሰማሁ፤ በእኔው ድምፅ።

በሩን በቡጢ ደበደብኩት። «እህቴ! እኔ እዚህ ነኝ! እሱ እኔ አይደለም!»

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለችው።

«ቅድም የቀዳሁት ነው። ስሚው እስቲ።»

እህቴ በሳቅ ፈረሰች። «ኧረ ሆዴን! ይቺንማ ጌሙ ላይ ሳላስገባ አላድርም!»