ልነሳ መሰለኝ

«እስቲ አንብቢልኝ» ይሉኛል ኦቦ ገርባ፣ ከጨበጡት ቆሎ ግማሹን መዳፌ ላይ እያራገፉ።

ስልኬን ከፀሐዩ ከልዬ፣ ገና ያልለቀቅሁትን ስንብት አነብላቸዋለሁ። «ውድ አንባቢዎች፣ ይህ ብሎግ ከዛሬ ጀምሮ ተዘግቷል። ስለነበረን ጊዜ አመሰግናለሁ። ማርቲ።»

«ሌላስ?»

«በቃ፣ ይኸው ነው።»

ኦቦ ገርባ ማኘካቸውን ያቆማሉ። የተቀመጥነው የድርቆሽ ክምራቸው ሥር ነው። የሱሉልታ ሜዳ ግማሹ ታጭዷል፣ ግማሹ ገና ቆሟል፤ ከዚያ ወዲያ ረግረጉ ይታያል። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ እየመጣሁ ወፍ ፎቶ ሳነሳ፣ ቤቴ ገብቼ ደግሞ ስለ ወፎቹ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልከፈለኝም። እናቴማ እስከ ዛሬ ሰው ሲጠይቃት «ወፍ ታያለች» ብላ ወሬውን ታስቀይራለች።

«ይሄ የሱቅ በር ላይ የሚለጠፍ ነው» ይላሉ ኦቦ ገርባ። «ለመሆኑ ለምን ትተዪዋለሽ? ገላን ወፍ የለም?»

«ገላን ያለው የጭነት መኪና ነው። የምቀጠርበት መጋዘን ደግሞ ቅዳሜም ይሠራል። ከሰኞ ጀምሮ እዚያው ነኝ፤ ቤትም ተከራይቻለሁ።»

«ይሁን፣ እንጀራ ነው። ግን ስንት ሰው ነው የሚያነብሽ?»

«ሠላሳ ቢሆኑ ነው። አንዳቸውንም በመልክ አላውቃቸውም።»

«ኢንተለ ኮ» ይላሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሠላሳ ሰው ይሄን ሁሉ ዓመት ተቀምጦ ሲያዳምጥሽ ኖሮ፣ ብድግ ብለሽ በር ልትዘጊበት?»

እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው። ረጅም ስንብት ጽፌ መልስ ባጣስ? አጭር ከጻፍኩ ግን መልስ ያልጠበቅሁ እመስላለሁ። ያልጠበቅሁት መልስ ቢቀር ደግሞ ማንም አያዝንልኝም፣ እኔም ራሴ።

ኦቦ ገርባ ራሳቸው እንዴት እንደሚሰናበቱ አውቃለሁ። ባለፈው መስቀል ቤታችን መጥተው «እንግዲህ ልነሳ መሰለኝ» ካሉ በኋላ እራት ቀርቦ ተበላ። ከተነሱ በኋላ ደግሞ በር ላይ ቆመው የጊደራቸውን ታሪክ ከትውልዷ ጀምረው አወሩን። አባቴ እስከ አስፋልቱ ሊሸኛቸው ወጥቶ የተመለሰው እኛ ፍለጋ ልንወጣ ስንል ነው።

«ታዲያ ምን ልበል?»

«‘ልነሳ መሰለኝ’ በያቸው። ከዚያ ዝም በይ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የእነሱ ፋንታ ነው።»

የጻፍኩትን አጠፋዋለሁ። ጣቴ ቆሎ ቆሎ እየሸተተ እንደገና እጽፋለሁ። «ሥራ ወደ ገላን ሊወስደኝ ነው። ከእንግዲህ ቅዳሜ ሱሉልታ አልገኝም። ዝዮቹ ዛሬም መጥተዋል፤ ደህና ናቸው። እንግዲህ ልነሳ መሰለኝ።» ደግሜ ሳላስብበት እለቀዋለሁ።

ወዲያው ይቆጨኛል። ስልኩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አየዋለሁ፤ ምንም የለም። ከረግረጉ ማዶ አንድ ሽመላ ቆማለች፣ እሷም ምንም አትል። ኦቦ ገርባ የወዳደቀ ድርቆሽ እየሰበሰቡ ክምሩ ላይ ይመልሳሉ። እኔ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ እቆማለሁ፤ ታክሲ ሳይጠፋ መሄዴ ነው፣ ከእንግዲህ ምን እጠብቃለሁ?

«ቆይ እንጂ» ይላሉ ቀና ሳይሉ። «ሰው ሰምቶ እስኪመልስ ጊዜ ይፈልጋል።»

ስልኬ እጄ ውስጥ ይነዝራል።

ኑሃ ነው። ኑሃን ማንም አንባቢዬ ያውቀዋል። ሰበታ የሚኖር ሰው ነው፤ ከዚህ ሌላ ስለ እሱ የማውቀው በየጽሑፌ ሥር ስህተት ማረም እንደሚወድ ብቻ ነው። «ይቺ ዳክዬ ናት እንጂ ዝይ አይደለችም።» «ፎቶው ደብዝዟል።» «ባለፈው ዓመትም ይህንኑ ጽፈሻል።» ይሄን ሁሉ ጊዜ አንድ ደግ ቃል አልወጣውም። አሁንም ስህተቴን ሊነግረኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነክሼ እከፍተዋለሁ።

«ቁጭ በይ እንጂ ማርቲ! ምን አስቸኮለሽ?»

ደግሜ አነበዋለሁ። ሳቄ ይመጣል፣ ከሳቁ ጋር እንባዬም ይመጣል። ስልኩ እንደገና ይነዝራል፤ የዚህችኛዋን ሴት ስም እንኳ አይቼው አላውቅም። «ገና ነው እኮ፣ አልመሸም» ትላለች። ለካ ይሄን ሁሉ ዓመት እንግዳቸው የነበርኩት እኔ ነኝ።

«ምን አሉ?» ይሉኛል ኦቦ ገርባ።

አነብላቸዋለሁ። ምንም አይደንቃቸውም።

«ኤዬ፣ አዎ። ታዲያ ሌላ ምን ሊሉሽ ኖሯል?»

ቦርሳዬን ከትከሻዬ አወርዳለሁ። ኦቦ ገርባ ተመልሰው ይቀመጣሉ፤ አጠገባቸው ያለውን ድርቆሽ በመዳፋቸው ጠፍጠፍ ያደርጉና፣ ጠጋ ብለው ቦታ ይለቁልኛል።