የሰው ነጥብ

የትራፊክ ጥፋት ነጥብ መሸጥና መግዛት ከተፈቀደ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። መንጃ ፈቃዱ ሊነጠቅ የደረሰ ሰው ለአካባቢው ነዋሪ ከፍሎ ነጥቡን ያሻግራል፤ የተቀበለውም አውራ ጣቱን ስልኩ ላይ አሳርፎ ጥፋቱን በስሙ ያስመዘግባል።

ትርሲት የተቀበለችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ባሏን ሽመክትን መኪና ገጭቶት አምልጦ ስለነበር ተሽከርካሪ ወንበር መግዣ ቸግሯት ነበር። ደላላው "የፍጥነት ጥፋት ነው፤ ሌላ ጣጣ የለውም" ሲላት የማን እንደሆነ፣ የትኛው ቀን እንደተፈጸመ አልጠየቀችም።

አንድ ጠዋት ሽመክት ቀኝ እጁ ስለማይታዘዝለት የግራ እጁን ጥፍር እየቆረጠችለት ሳለ ስልኩ ጠራ። የትራፊክ መርማሪዋ ነበረች። ትርሲት ድምፁን ከፍ አድርጋ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

"አቶ ሽመክት፣ የገጨዎት አሽከርካሪ ታውቋል።"

የሽመክት ዓይን እንባ አቀረረ። "ተመስገን። እንዴት ተገኘ?"

"ከአደጋው አንድ ደቂቃ በፊት ድልድዩ ላይ በፍጥነት ሲያልፍ ካሜራ ይዞታል። የፍጥነቱ ነጥብ በስሙ የተመዘገበበት ሰው በሕጉ አሽከርካሪው እሱ ነው። ስሙን ላንብብልዎት?"

ትርሲት ስልኩን ለመዝጋት ስትንጠራራ ሽመክት "ያንብቡልኝ" አለ።

መርማሪዋ የትርሲትን ስም ከነአባቷ ከነአያቷ አነበበች።

"እኔ አይደለሁም" አለች ትርሲት። "ነጥቡን ብቻ ነው የወሰድኩት።"

"ከማን?" አላት ሽመክት።

አታውቅም። እሱም ጥፍሩ ያላለቀውን እጁን ከእጇ ውስጥ ቀስ ብሎ አወጣ።